መለኪያው 43 ይላል፤ ብርጭቆዎቼ ግን ያንቃጭላሉ

አንደኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ምሽት 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንብቤ የምወጣ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራችን ምድር ቤቱ ላይ የነበረው ልብስ ቤት ባለፈው መስከረም ተዘግቶ ሙዚቃ ቤት ተከፈተበት። ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራል። ዘፈኑ ራሱ አይሰማኝም፤ ማን እንደሚዘፍን ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሚመጣው ድም፣ ድም፣ ድም ብቻ ነው። በጆሮዬ ከምሰማው ይልቅ ደረቴ ላይ የሚያርፈው ይበልጣል። የቡፌው ብርጭቆዎች እንደ ቃጭል ይንጫጫሉ። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲመታ ይሰማኛል። የሰባት ወር ልጅ አለችኝ።

አመልክቼ ባለፈው ዓርብ ሌሊት አንድ ባለሙያ መለኪያ ይዞ መጣ። መኝታ ቤታችን መካከል ቆሞ ለካና 43 ዴሲቤል አለኝ። የመኖሪያ አካባቢ የሌሊት ገደብ 45 ስለሆነ «ከገደብ በታች ነው» ብሎ ጻፈ፣ አስፈርሞኝ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥሩን አዙሮ አሳይቶኛል። በስልኬ የቀዳሁትን ላሰማው ስሞክር ደግሞ የወጣው የፍሪጃችን ድምፅና የልጄ መነጫነጭ ብቻ ሆነና አፈርሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የተበላሸው መለኪያው ነው ወይስ እኔ?


ገደል ማሚቶ | ሰኞ፣ ምሽት 4፡31

ወንድሜ፣ 43 ዴሲቤል እኮ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጎረቤትህ የከፈተው ሙዚቃ ቤት ሳይሆን ማንበቢያ ቤት ነው። ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ወትፍና ተኛ።


አንደኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ምሽት 4፡38

ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። ጥጥም ሞክሬያለሁ። ጥጡ የልጄን ለቅሶ ከለከለኝ እንጂ ድሙን አልከለከለኝም።


የሠርግ ሞንታርቦ | ሰኞ፣ ምሽት 5፡02

እህቴ፣ መልሱ አሁን ስለ ጥጡ በተናገርሽው ውስጥ አለ። በሠርግና በመድረክ ላይ ሞንታርቦ ስተክል 14 ዓመቴ ነው፤ የአንቺን አቤቱታ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፣ አንዳንዴም አቤቱታ የሚቀርብብኝ እኔው ነበርሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። መለኪያው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የነበረው ፊደል ምንድን ነው፣ ኤ ወይስ ሲ? ክፍሉ ስንት በስንት ነው? ሰውየውስ በትክክል የት ነበር የቆመው?


አንደኛ ፎቅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ፊደሉ ኤ ነበር፤ «ኤው ምንድን ነው?» ብዬ ስለጠየቅሁት አስታውሳለሁ። «እንደ ሰው ጆሮ ይሰማል ማለት ነው» አለኝ። ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት ነው። የቆመው መሀል ለመሀል፣ ከአምፖሉ ሥር ነው። «ከግድግዳ መራቅ አለብኝ» ብሎ አልጋውን ትንሽ ገፋ አድርጎ ቆመ። የአልጋችን ራስጌ ግድግዳው ላይ የተጠጋ ነው።


የሠርግ ሞንታርቦ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ረዘም ይላል።

መለኪያው አልተበላሸም፤ አንቺም አልተበላሸሽም። ሰውየው «እንደ ሰው ጆሮ ይሰማል» ያለሽ ግማሽ እውነት ነው። ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ወፍራሙን አሳንሶ ቀጭኑን አጉልቶ ይሰማል፤ በተለይ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ያለው፣ ማለትም በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ የሚርገበገበው ላይ በጣም ስለታም ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሰዎችን የጆሮ ማዳመጫ አስለብሰው፣ «ይህኛው ከዚያኛው እኩል ይጮኻል ወይ?» እያሉ እየጠየቁ ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 በመስመር ሥለው አሳዩ። መለኪያ ውስጥ ያለው ኤ የሚባለው ነገር ከእንዲህ ዓይነቱ መስመር የተቀዳ ወንፊት ነው። 1,000 ሄርዝ ላይ ምንም አይነካም። 125 ሄርዝ ላይ 16 ዴሲቤል ይቀንሳል። 63 ላይ 26 ይቀንሳል፤ 50 ላይ 30። የአንቺ ድም፣ ድም የሚኖረው እዚያ ነው፣ በ50 እና በ60 መካከል። ስለዚህ ክፍልሽ ውስጥ 66 ዴሲቤል የሚመታ ባስ ቢኖር መለኪያው በኤ 40 አካባቢ ብሎ ያልፈዋል። ወንፊቱ አጣርቶ ጥሎታል።

ይህ ወንፊት መጥፎ ነው እያልሁ አይደለም። መንገድ ዳር ቆመሽ መኪናውን፣ ጡሩምባውን፣ ሰውን አንድ ላይ ስትለኪ ደህና ይሠራል። የተሣለበት መስመር ግን ዝቅ ላለ ድምፅ፣ በ40 ዴሲቤል አካባቢ ላለ የተሣለ ነው። ደግሞም ሁሉም ዓይነት ድምፅ ተደባልቆ ሲመጣ ነው የሚያምርበት። ግድግዳና ወለል መሀል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ዘፋኙን የማትለዪው፣ ድሙ ግን የማይቀርልሽ ለዚህ ነው። ጥጡም እንዲሁ፤ የሕፃን ለቅሶ ቀጭን ነውና ያስቀረዋል፣ ባሱን አይነካውም።

አሁን ወደሚያስቀኝ ነገር ልምጣ፤ በእርግጥ የሚያስቅ አይደለም። ሰውየው «ከግድግዳ መራቅ አለብኝ» ብሎ መሀል ቆመ አልሽ። ለሌላው ድምፅ ትክክል ነው፤ እንዲህ ተብሎ ነው የሚማሩት። ለባስ ግን ሦስት ሜትር ክፍል ወጥመድ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 341 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 57 ሄርዝ የሆነ ድምፅ አንድ ሞገዱ ስድስት ሜትር ይረዝማል። ግማሹ ሦስት ሜትር ነው፤ ልክ የክፍልሽ ስፋት። እንዲህ ሲገጥም ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይቆማል፤ ግፊቱ ግድግዳዎቹ ላይ ከሁሉ ይበረታል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ባለሙያሽ ቆሞ የለካው ባሱ በጠፋበት ነጥብ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ጭንቅላትሽን አሳርፈሽ የምትተኚው ባሱ በበረታበት ላይ ነው።

ካላመንሽኝ ሐሙስ ማታ መብራት አጥፍተሽ ከመሀል ወደ ግድግዳው ቀስ እያልሽ ተራመጂ። ልዩነቱን ያለ መለኪያ ትሰሚዋለሽ።


ጡረተኛ መምህር | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡05

የሠርግ ሞንታርቦ እንደ ባለሙያ ተናግሯል፤ እኔ በፊዚክስ አስተማሪነቴ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ያለ ብዛት አይደለም። ንጽጽር ነው። «43 ዴሲቤል» ማለት «ከመነሻው በዚህ ያህል እጥፍ ይበልጣል» ማለት ነው፤ መነሻው 20 ማይክሮፓስካል ሲሆን የጤነኛ ወጣት ጆሮ 1,000 ሄርዝ ላይ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛው የአየር ግፊት ለውጥ ነው ተብሎ የተወሰደ ነው። 94 ዴሲቤል ላይ ግፊቱ አንድ ፓስካል ይሆናል፤ የመለኪያ ማስተካከያ መሣሪያዎች የሚጮኹትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። የእህታችን 43 ደግሞ ወደ ሦስት ሺሕኛ ፓስካል የሚጠጋ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 77,000 ፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የለካው ነገር ከአየሩ ጠቅላላ ግፊት ሃያ ሰባት ሚሊዮንኛው ያህሉ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። ይህን የሚሰማ ጆሮ ይዘን መወለዳችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክፍል ውስጥ ስናገረው ግን ማንም ተማሪ ቀና ብሎ አላየኝም።

በንጽጽር ስለሆነ አይደመርም። ሁለት እኩል 43 ዴሲቤል የሚጮኹ ነገሮች አንድ ላይ 86 አይሆኑም፤ 46 ይሆናሉ። አንድ ከበሮ በ80 ቢመታ አሥር ከበሮ 90 ነው፣ መቶ ከበሮ 100። ገበያ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዝቶ «አንድ ኩንታል ከትንሽ» ተብሎ የሚመዘንለት ሰው እንደሚያብደው ተማሪዎቼም ያብዱብኝ ነበር። ስሙ የመጣው ከስልኩ ሰው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ መጀመሪያ ያገለገለውም በስልክ ሽቦ ውስጥ ምን ያህል ድምፅ እንደሚጠፋ ለማስላት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ብርጭቆዎቹ። ብዙ ሰው «ድምፁ ከብርጭቆው ጋር ገጥሞ ነው» ይላል። አይደለም። ብርጭቆ በጣት ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ በብዙ መቶ ሄርዝ የሚቆጠር ነው፤ 57 ሄርዝ ለእርሱ እንግዳ ነው። የሚንቀጠቀጠው መደርደሪያው ነው፤ ብርጭቆዎቹ የሚጋጩት እርስ በርሳቸው ነው። እህቴ፣ አራርቀሽ ደርድሪያቸው፣ ከሥራቸውም ጨርቅ አንጥፊ። ችግርሽን አይፈታም፤ ከልጅቱ ጋር የሚነጋገረውን ቃጭል ግን ዝም ያሰኛል።


ገደል ማሚቶ | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡30

መምህር፣ ትናንት የቀለድሁትን ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሠርግ ሞንታርቦ 341 ሜትር ብሏል፤ እኔ ትምህርት ቤት የተማርሁት 343 ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ሆኖ ይሆን ድምፁ የዘገየው?


ጡረተኛ መምህር | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡12

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ነበር የምሰማው። ከፍታው አይደለም፤ ብርዱ ነው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም ክብደቱም አብረው ስለሚቀንሱ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ሙቀቱ ነው። በዜሮ ዲግሪ 331 ሜትር በሴኮንድ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። 343 የ20 ዲግሪ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ በ16 ዲግሪ 341 ነው። ዳሎል በ40 ዲግሪ ቀን 355 ይደርሳል።

በዚህ ቁጥር የተሰናከለው ታላቁ ኒውተን ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው መጽሐፉ የድምፅን ፍጥነት በስሌት ብቻ አወጣውና ከ300 ሜትር በታች ሆነበት፤ በተግባር ከሚለካው 15 በመቶ ገደማ ያነሰ። ሞገዱ አየሩን ሲጨምቀው ሙቀቱ እንደማይለወጥ አድርጎ ነበር ያሰላው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1816 ላፕላስ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዳዳውን አገኘው፤ ጭመቃው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሙቀቱ ሸሽቶ ለመውጣት ጊዜ የለውም፣ አየሩ በዚያች ቅጽበት ይሞቃል፣ ሲሞቅም ይበልጥ ይገፋል። ያቺን ሙቀት ሲጨምራት ቁጥሩ ገጠመ።


ደብረ ብርሃን ብርዱ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡20

ከርእሱ ብወጣ ይቅርታ፤ መምህር ከተገኙ አይቀር ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከእኛ ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በመካከል ሸለቆ አለ። ሌሊት ማኅሌቱ ሲቆም ጸናጽሉን እንኳ ለይቼ እሰማዋለሁ። ረፋድ ላይ ግን በድምፅ ማጉያ ሲሰበክ ምንም አይደርሰንም። አባቴ «ሌሊት ሰው ዝም ስለሚል ነው» ይላሉ። እውነት ነው?


ጡረተኛ መምህር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

አባትህ አልተሳሳቱም፤ ዝምታው የራሱ ድርሻ አለው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን አየሩ ነው። ድምፅ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይታጠፋል፤ በቀዝቃዛው በኩል ያለው የሞገዱ ክንፍ ዘገምተኛ ስለሆነ። ቀን ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፣ ላይኛው አየር ይቀዘቅዛል፤ የስብከቱ ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፍና ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። በጠራ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፣ ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይበርዳል፣ በተለይ በሸለቆ ውስጥ። ማኅሌቱ ወደ ላይ የሄደው ሳይቀር ተመልሶ ወደ ምድር ይታጠፍላችኋል። ነፋሻና ደመናማ በሆነ ሌሊት አስተውል፤ ይደክማል።


የበገና ልጅ | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡45

እኔ ደግሞ ስለ ስልኩ ቅጂ ልናገር፤ እህታችን አፈርሁ ያለችበት ነገር እኔም ላይ ደርሷል። በገና እደረድራለሁ። የወፍራሙ ክሬ ድምፅ 92 ሄርዝ አካባቢ ነው። አንድ ቀን ቀድቼ ድምፅን በሥዕል በሚያሳይ የስልክ ፕሮግራም ከፈትሁት። 92 ላይ ያለው መስመር የመነመነች፣ ልትጠፋ የደረሰች ነበረች። ከእርሷ በላይ ግን 184፣ 276፣ 368 እያለ እንደ መሰላል ይወጣል፤ ላይኞቹ ከታችኛዋ ይልቅ ደምቀዋል። ይህን መሰላል የሚሠራው እንዚራው ነው፤ በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ። አንድ ክር ላይ እንዚራውን አውጥቼ ስመታው መሰላሉ ተናደ፣ ድምፁም እንደ ታመመ ሰው ሆነ።

የሚያስደንቀው ግን የሚከተለው ነው። የስልክ ድምፅ ማውጫ 92 ሄርዝን በእውኑ ሊያወጣ አይችልም፤ በጣም ትንሽ ነው። እንዲያም ሆኖ ስንሰማው ክሩ ያው ወፍራሙ ክር ነው። አእምሯችን መሰላሉን ያይና ከሥር የጎደለችውን መርገጫ ራሱ ይሞላታል። በገና ለስልክ የሚመቸው ለዚህ ነው። የዚያ ሙዚቃ ቤት ባስ ግን በወለሉ ሲያልፍ መሰላሉ ሁሉ ተቆርጦበት መርገጫዋ ብቻ ናት የምትደርሰው። ስልክ ደግሞ የሚጥላት እርሷን ነው። ሲቀዳም ሲያሰማም። ስለዚህ ቅጂሽ ባዶ መሆኑ ያለ ነገር ነው፤ ማፈር የለብሽም።


ባለ ሙዚቃ ቤት፣ ሐዋሳ | ረቡዕ፣ ምሽት 4፡50

የእናንተን ሥራ እያከበርሁ፣ በእኛም በኩል ሰው አለ። ሐዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ቤት አለኝ። እንግዳው የሚመጣው ባሱን በደረቱ ሊሰማ ነው፤ ስቀንስበት ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሄዳል። ጎረቤቶች ተናግረውኝ ጣሪያውን በሙሉ በእንቁላል መያዣ ካርቶን አስለብሻለሁ፣ ብዙ ብር ወጥቶበታል። አሁንም ይናገሩኛል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?


የሠርግ ሞንታርቦ | ረቡዕ፣ ምሽት 5፡30

ወንድሜ፣ ያን ካርቶን የመከረህ ሰው ብርህን ነው የበላው። የእንቁላል ካርቶን አራት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ የባስህ ሞገድ ስድስት ሜትር ነው። ካርቶኑ ቤትህ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ያለሰልስልሃል፣ ለእንግዶችህ ጥሩ ነው። ለጎረቤትህ ግን እንደሌለ ቁጠረው። እሳትም ይወዳል፤ እባክህ አውርደው።

ባስን የሚይዘው ክብደትና መለያየት ነው። በደንቡ የግድግዳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያስቀረው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ 6 ይመልሳል። ከ1,000 ሄርዝ ወደ 60 ስትወርድ አራት ጊዜ ገደማ በግማሽ ወርደሃል፤ 24 ዴሲቤል ሄደ። ብሎኬት ግድግዳህ ንግግርን የሚያቆም ሆኖ ባስ እንደ ወንፊት የሚያልፍበት ለዚህ ነው።

ግድግዳ ከማፍረስ በፊት ግን በነጻ የሚሠራ ነገር አለ። ባስ ባፍሎችህ የት ናቸው? ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ከሆነ ሕንፃውን በእጅህ ይዘህ እየደበደብኸው ነው። ከጥግ አውጣቸው። ከሥራቸው ወፍራም ጎማ አድርግ፤ የመኪና ጎማ ቁራጭም ይሠራል። ከ40 እስከ 80 ሄርዝ ያለውን ብቻ በማስተካከያው 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው፤ ሌላውን አትንካ። እንግዳህ ጠጥቷልና አይለየውም። ጎረቤትህ ይለየዋል።

ስለ ራስህም አስብ። ድምፅ 85 ዴሲቤል በኤ ከሆነ ጆሮ በቀን 8 ሰዓት ይችላል ተብሎ የሚሰጥ የታወቀ ምክር አለ፤ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አሥር ዓመት ሠርቼ ግራ ጆሮዬ ቀንም ሌሊትም ይጮኻል። ያንን ድምፅ የሚለካ መለኪያ ደግሞ የለም።


ፍራንክፈርት 12 | ሐሙስ፣ ቀን 8፡15

እዚህ ጀርመን የምኖርበት ሕንፃ ሥር የዳቦ ቤት ማቀዝቀዣ ነበረ፤ ተመሳሳይ ታሪክ ነው። እዚህ ግን ዲን 45680 የሚባል ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተጻፈ የአለካክ ደንብ አለ። መነሻው ቀላል ነው። አንዱን ቦታ በኤም በሲም ይለካሉ። ሲ የሚባለው ወንፊት 63 ሄርዝን ከ1 ዴሲቤል ባነሰ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ባሱን አይጥልም። የሁለቱ ልዩነት ከ20 ካለፈ «እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር አለ» ይባልና በጥልቀት መለካት ይጀመራል። እህቴ፣ ባለሙያው በድጋሚ ከመጣ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንኑ መለኪያ በሲ አድርጎ ይጫንልሽ። ቁልፉ እዚያው ላይ አለ።


ገደል ማሚቶ | ሐሙስ፣ ቀን 9፡00

የእኛ ሕግ ግን ጀርመን አይደለም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ ተመሥርተው የምናውቃቸው ቁጥሮች ለመኖሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45፤ ለንግድ 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70 ናቸው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ነው። በሲ ለክተህ 70 ብታመጣ ከየትኛው ቁጥር ጋር ልታስተያየው ነው?


የሠርግ ሞንታርቦ | ሐሙስ፣ ቀን 9፡20

አሁን ቁም ነገር ተናገርህ። ከ45 ጋር አይስተያይም። የሚስተያየው ከራሱ ኤ ጋር ነው። ሲ ብቻውን አይከሰስበትም፤ ኤ ብቻውን ግን ነጻ ማውጣት የለበትም ነው የምለው።


አንደኛ ፎቅ | በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡40

ያላችሁኝን ሁሉ አደረግሁ። ጨርቁን አነጠፍሁ፤ ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። መብራት አጥፍቼ ከመሀል ወደ ግድግዳ ተራመድሁ፤ አምፖሉ ሥር ቆሜ ስሰማው ድሙ እንደሚሸሽ፣ ወደ ራስጌው ስጠጋ እንደሚመለስ አረጋገጥሁ። ባለቤቴ እያየኝ «ምን ነካት» ብሎ ነበር፤ በኋላ እርሱም ተነሥቶ ይራመድ ጀመር። በእኩለ ሌሊት ሁለታችን በጨለማ ወዲያና ወዲህ ስንል ልጅቱ ነቅታ ሳቀችብን።

ትናንት ሌሊት ያው ባለሙያ ተመልሶ መጣ። ያላችሁኝን በወረቀት ጽፌ ነበርና አነበብሁለት። አልተቆጣም። «ሲውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለና ቁልፉን ፈልጎ ተጫነው። መሀል ላይ ኤ 42፣ ሲ 64። ከዚያ አልጋው ላይ ተንበርክኮ መለኪያውን ትራሴ ባለበት ያዘው። ኤ 47፣ ሲ 73።


ጡረተኛ መምህር | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡05

ራስጌው ላይ ልዩነቱ 26 ነው። መሀል ላይ 22። ከመሀል እስከ ራስጌ ሲ በ9 ከፍ ማለቱ ደግሞ ሞገዱ ቆሞ እንደነበር ያሳያል። አንድ ጥንቃቄ ግን፦ ያ 47 ከ45 በሁለት ብቻ ነው የሚበልጠው፤ ተራ የእጅ መለኪያ በወፍራም ድምፅ ላይ ሁለት ዴሲቤል ያህል ሊስት ይችላል። በእርሱ ላይ አትመርኮዢ። የምትይዢው 26ቱን ነው።


የሠርግ ሞንታርቦ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡11

መምህር እንዳሉት። ሰውየው ግን ምን ብሎ ጻፈ?


አንደኛ ፎቅ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡30

ቅጹ ላይ ለቁጥር የተተወችው ቦታ አንዲት ብቻ ናት። ቆም ብሎ አሰበና እዚያች ላይ 47 ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አዞረና ኅዳጉ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «ሲ 73፣ ትራስ ላይ፣ ከሌሊቱ 6፡20» ብሎ ጨመረበት። ምድር ቤት ወርዶ ባለቤቱንም አነጋገረው፤ ባስ ባፍሉ ጥግ ላይ፣ በቀጥታ ከእኛ መኝታ ቤት ሥር ነበረ አሉ። ዛሬ ማታ ከጥግ አውጥቶ ጎማ ላይ ሊያስቀምጠው ቃል ገብቷል። 3 ሰዓት ላይ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።